ከባድ የደም መፍሰስን ማቆም ለሕዝብ እንዴት ይሰጣል? የሁለት ሰዓት ሥልጠና አሠራር

ከባድ የደም መፍሰስ አምቡላንስ አይጠብቅም። በጭን ውስጥ የሚያልፈው ትልቁ ደም ቅዳ ቧንቧ የተቆረጠበት ጎልማሳ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል፤ ባለሙያ ደግሞ ምንም ቢፈጥን ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ ደሙን የሚያቆመው በአጋጣሚ አጠገቡ የተገኘ ሰው ነው። ይህ መመሪያ እንዲህ ያለውን ሰው ለማሠልጠን ለሚነሡ፣ ማለትም ለነርሶች፣ ለመጀመሪያ ዕርዳታ በጎ ፈቃደኞች፣ ለፋብሪካና ለትምህርት ቤት የደኅንነት ኃላፊዎች የተጻፈ ነው። ለራሱ መማር የፈለገ አንባቢም ቅደም ተከተሉን እዚሁ ያገኘዋል፤ ነገር ግን ማንበብ ብቻውን እጅን እንደማያሠለጥን ከወዲሁ ይወቅ።

ትምህርቱ የመጣው ከጦር ሜዳ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. በባግዳድ የጦር ሆስፒታል የተሰበሰበ መረጃ እንዳሳየው፣ ቁስለኛው ደሙ አልቆ ሾክ ውስጥ (ለሰውነቱ በቂ ደም የማይደርስበት ሁኔታ ውስጥ) ከመግባቱ በፊት ቱርኒኬት፣ ማለትም እጅን ወይም እግርን በዘንግ እየተጠመዘዘ አጥብቆ ደም የሚያቆም ማሰሪያ፣ ከታሰረላቸው መካከል 90 በመቶ ያህሉ ተርፈዋል፤ ሾክ ውስጥ ከገቡ በኋላ ከታሰረላቸው የተረፉት 10 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። በታኅሣሥ 2012 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኮኔቲከት ግዛት በአንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላይ ጥቃት ከደረሰ በኋላ፣ በቀዶ ሐኪሙ ሌንዎርዝ ጄከብስ መሪነት የተሰባሰቡ ባለሙያዎች ይህን ልምድ ወደ ሲቪሉ ኅብረተሰብ የሚያሻግር ምክረ ሐሳብ በ2013 በሐርትፎርድ ከተማ አወጡ። በ2015 ደግሞ «ስቶፕ ዘ ብሊድ» (ደሙን አቁሙ) የተባለው የሕዝብ ሥልጠና ዘመቻ ተጀመረ።

ከታሪኩ ለአሠልጣኝ የሚጠቅመው አንድ ጥናት ነው። በ2018 የታተመ ሲሆን 465 ሰዎች ተሳትፈውበታል። አሠልጣኝ ፊት ለፊት ያስተማራቸው ሰዎች ወዲያው ሲፈተኑ ከ10ሩ ወደ 9 የሚጠጉት ቱርኒኬት በትክክል አሰሩ። ከ3 እስከ 9 ወራት ቆይተው እንደገና ሲፈተኑ ግን በትክክል ያሰሩት ከግማሽ ትንሽ የሚበልጡት ብቻ ነበሩ። ሥልጠናውን ስታቅዱ ይህን ውጤት አትዘንጉ፤ ንግግሩን አሳጥራችሁ የእጅ ልምምዱን የምታስረዝሙት በዚህ ምክንያት ነው።

ከሥልጠናው በፊት የሚዘጋጅ

ለ8 ቢበዛ ለ10 ሠልጣኞች አንድ አሠልጣኝ መድቡ። ከዚያ በላይ ከሆኑ ከኋላ የቆሙት ሲያዩ ይውላሉ እንጂ አይሠሩም። የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ብዙ አይደሉም፦ ለሁለት ሠልጣኝ አንድ የልምምድ ቱርኒኬት፣ ብዙ ጥቅል ጎዝ (ስስ የቁስል ጨርቅ)፣ ጓንት፣ የማይለቅ ቀለም ያለው ብዕር፣ ወፍራም የስፖንጅ ቁራጮች፣ አንድ የሰው ክብደት መለኪያ ሚዛን፣ ቀይ ቀለም የተጨመረበት ውኃ።

ስፖንጁ የቁስል ምትክ ነው። ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን ምረጡና በቢላ ጠባብና ጥልቅ ስንጥቅ አውጡለት። ስንጥቁ ቀጥ ብሎ ባይወርድና ወደ ጎን ቢያዘነብል የተሻለ ነው፤ እውነተኛ ቁስልም አፉ ከሚያሳየው አቅጣጫ ወደ ሌላ ሊዞር ይችላል። ከተቻለ ከስር በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብታችሁ ከቀዩ ውኃ ጠርሙስ ጋር አገናኙት። ጠርሙሱ ሲጨመቅ «ቁስሉ» ይደማል፤ በደንብ ሲወተፍ ይቆማል። ሠልጣኙ ውጤቱን በዓይኑ ስለሚያይ ያንተ አስተያየት ብዙም አያስፈልገውም።

ለልምምድ የዋለ ቱርኒኬት ለእውነተኛ አደጋ መያዝ የለበትም። በተደጋጋሚ የተጠመዘዘ ማሰሪያ ይለጠጣል፣ ዘንጉም ይዳከማል። የልምምዱን በሚታይ ቀለም ምልክት አድርጉበት፤ ከሌላው ጋር በአንድ ሣጥን አታስቀምጡት።

የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት

አሰቃቂ ፎቶግራፎችን አላሳይም። ብዙ አሠልጣኞች ያሳያሉ፣ ሰውን ያነቃል ብለው ያምናሉ። የምታዘበው ግን ፎቶግራፉ ሲመጣ ግማሹ ክፍል ፊቱን ሲያዞር፣ የቀረው ደግሞ ከዚያ በኋላ የሚነገረውን ሳይሰማ ሲቀር ነው። በምትኩ ቀዩን ውኃ መሬት ላይ አፍስሱ። መጀመሪያ አንድ ብርጭቆ ያህል ብቻ አፍስሳችሁ መጠኑን ገምቱ በሏቸው። ሰው ጥቂቱን ፈሳሽ አብዝቶ ይገምታል። ከዚያ አንድ ሊትር ወፍራም ጨርቅ ላይ አፍስሱ፤ ጨርቁ ስለሚመጠው አሁን ደግሞ አሳንሶ ይገምታል። ጥቁር ሱሪ ወይም ወፍራም ካፖርት የለበሰ ሰው ብዙ ደም ፈስሶት ሳይታወቅ ሊቀር የሚችለው እንዲሁ ነው። የአንድ ጎልማሳ ደም ወደ 5 ሊትር ይጠጋል፤ 2 ሊትር ያህሉን ያጣ ሰው በሞት አፋፍ ላይ ነው።

ቀጥሎ ለሕይወት አስጊ የሆነ የደም መፍሰስ የሚታወቅባቸውን ምልክቶች ተናገሩ፦ ደሙ እየተፈናጠረ ሲወጣ፣ ያለማቋረጥ ሲፈስ፣ መሬት ላይ ሲጠራቀም፣ ልብስን ወይም ፋሻን ሲያርስ፣ እጅ ወይም እግር ሲቆረጥ፣ የደማው ሰው ሲቀባዥር ወይም ራሱን ሲስት። ከእነዚህ አንዱ ከታየ በቂ ነው፤ ሠልጣኞቹ ዝርዝሩን እስኪሸመድዱት አትጠብቁ።

ከዚያ ቅደም ተከተሉ። በመጀመሪያ ራስን ማዳን ነው፤ ተኩስ፣ እሳት፣ የሚሄድ መኪና ወይም የሚሠራ ማሽን ባለበት ቦታ ረዳቱ ራሱ ሁለተኛ ቁስለኛ ይሆናል። ሁለተኛ አምቡላንስ መጥራት። ብዙ ሰው ባለበት «አንድ ሰው ይደውል» ማለት ማንንም አያስደውልም፤ «አንተ ሰማያዊ ሸሚዝ የለበስከው፣ ደውልና ተመልሰህ ንገረኝ» ማለት ያስደውላል። ይህን በቃል ከመንገር ሠልጣኞቹ ጣታቸውን ጠቁመው ጮክ ብለው እንዲሉት አድርጉ። ብቻውን የሆነ ሰው ስልኩን በድምፅ ማጉያ ከፍቶ መሬት ላይ ያስቀምጥና በሁለት እጁ ሥራውን ይጀምር። ሦስተኛ ደሙ የሚወጣበትን ቦታ ማግኘት፤ ልብሱ ይከፈት ወይም ይቀደድ። በልብስ ላይ የሚታየው እድፍ የቁስሉን ቦታ በትክክል አያመለክትም።

እጅ የሚጫንበት ክፍል

ጊዜያችሁ አጭር ቢሆንና አንድ ነገር ብቻ ማስተማር ብትችሉ ይህን አስተምሩ። ዕቃ አይፈልግም፣ በማንኛውም የሰውነት ክፍል ላይ ባለ ቁስል ባይሆንም በብዙዎቹ ላይ ይሠራል፣ ሁሉም ሰው እጅ አለው። የሚከብደው ነገር አንድ ነው፤ ሰው ሌላውን ሰው ላለማሳመም ስለሚሳሳ አይጫንም። ጨርቁን ቁስሉ ላይ ያሳርፈዋል እንጂ።

ሚዛኑን መሬት ላይ አስቀምጡ። ሠልጣኙ ይንበርከክና በመዳፎቹ «በኃይል» ይጫነው፤ ቁጥሩን ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። አብዛኛውን ጊዜ ክርኖቹ ታጥፈዋል፣ ትከሻው ወደ ኋላ ቀርቷል፣ የሚሠራው የክንዱ ጡንቻ ብቻ ነው። አሁን አንዱን መዳፍ በሌላው ላይ ደርቦ፣ ክርኖቹን ቀጥ አድርጎ፣ ትከሻውን በእጆቹ ትክክል አምጥቶ የሰውነቱን ክብደት እንዲጥልበት ንገሩት። የሚዛኑ ቁጥር ወዲያው ይዘላል። ሠልጣኙ ቀና ብሎ ያያችኋል፤ ያንን ልዩነት በራሱ ክብደት ስላየው ከዚያ በኋላ ማሳሰብ እምብዛም አያስፈልገውም።

ቀጥሎ ሰዓት ያዙ። በዚያው ኃይል ሳያቋርጥ ሦስት ደቂቃ ይጫን። አትናገሩ፣ አታበረታቱ። ክንድ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ቁጥሩ ቀስ በቀስ ይወርዳል፣ ሠልጣኙ ሰዓቱ የቆመ ይመስለዋል። እንዲህ ሲደክም ከአጠገቡ ያለውን ሰው እንዴት እንደሚቀይር አሳዩት፤ ተተኪው መዳፉን ከላይ ይደርባል፣ ይጫናል፣ የታችኛው ቀስ ብሎ ይወጣል። በመካከሉ ግፊቱ አይቋረጥም።

መሠረታዊዎቹ ነጥቦች እነዚህ ናቸው። ጨርቁ ንጹሕ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከሌለ ግን የተገኘው ጨርቅ ይሁን። ኢንፌክሽን በኋላ ይታከማል፣ ያለቀ ደም ግን ጊዜ አይሰጥም። ደማው ሰው ጠንካራ ነገር ላይ ይተኛ፤ ፍራሽ ላይ ከተኛ ግፊቱን ፍራሹ ይበላዋል። ቆመ ወይ ብሎ ጨርቁን አንሥቶ ማየት ክልክል ነው፤ መርጋት የጀመረው ደም አብሮ ይነሣል። ጨርቁ ከራሰ ሌላ ይደረብበታል፤ ያም ከራሰ ችግሩ የጨርቅ እጥረት ሳይሆን ግፊቱ ትክክለኛው ቦታ ላይ አለማረፉ ነው፤ እጅን ማስተካከል ወይም ወደሚቀጥለው ዘዴ መሄድ ያስፈልጋል። ቁስሉ ላይ የተሰካ ነገር ካለ አይነቀልም፤ ግራና ቀኙ ይጫናል። ዓይን አይጫንም፤ የራስ ቅል የተሰበረ ከመሰለም በኃይል አይጫንም።

ቁስል መወተፍ

ብሽሽት፣ ብብትና አንገት ከትከሻው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ቱርኒኬት አይታሰርባቸውም፤ ትልልቅ የደም ቧንቧዎች ግን ያልፉባቸዋል። እዚያ ያለ ጥልቅ ቁስል በጎዝ ወይም በጨርቅ መወተፍ አለበት። ሠልጣኝ ይህን ሲሰማ ፊቱን ያጨማድዳል፤ ጣት ወደ ቁስል መግባቱ ይከብደዋል። ስፖንጁ ለዚህ ነው የመጣው።

የጎዙ ጫፍ በጣት ተይዞ ወደ ስንጥቁ ይገባል፣ ደሙ ወደሚመጣበት ወደ ጥልቁ። ያቺ ጣት እንደተጫነች ሌላኛዋ እጅ የሚቀጥለውን ጎዝ ታቀብላለች፤ ጣቶች እየተፈራረቁ ያስገባሉ፣ አንዷ ሁልጊዜ ትጫናለች። ትራስ ውስጥ ጥጥ ሲሞላ ከማዕዘኑ ጀምሮ እንደሚጠቀጠቅ ከታች ሞልቶ ወደ ላይ ነው የሚመጣው። ምንም የማይገባበት ደረጃ ሲደርስ የቀረው ጎዝ ከላይ ይከመርና በሁለት መዳፍ በኃይል ይጫናል። ደም የሚያረጋ መድኃኒት የተነከረበት ጎዝ ከሆነ ቢያንስ ሦስት ደቂቃ፣ ተራ ጨርቅ ከሆነ ወደ 10 ደቂቃ፤ ሕክምና ቦታ ቅርብ ካልሆነ ባለሙያ እስኪመጣ ድረስ።

የተለመደው ስሕተት የቁስሉን አፍ ብቻ መክደን ነው። ከላይ ሲታይ የተሞላ ይመስላል፣ ከስር ደሙ ይቀጥላል። ሠልጣኙ ሲጨርስ ስፖንጁን ከጎን በቢላ ክፈቱትና ጎዙ የት ድረስ እንደወረደ አሳዩት። ሥራዬን በደንብ ሠርቻለሁ ያለ ሰው ስንጥቁ ከግማሽ በታች ባዶ ሆኖ ሲያገኘው በሁለተኛው ሙከራ ጣቱን እስከ ሥሩ ያስገባል።

ደረትና ሆድ አይወተፉም። እዚያ ውስጥ የሚፈስ ደም በእጅ አይደረስበትም፤ መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው፣ የረዳቱ ድርሻ ሳይዘገይ እንዲደርስ ማድረግ ነው።

ቱርኒኬት

በመጀመሪያ ለምን ጠንክሮ እንደሚታሰር አስረዱ፤ ምክንያቱን ያልተረዳ ሰው ቁስለኛው ሲጮህ ያላላል። ደም መልስ ቧንቧዎች ውስጥ ያለው ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ በላላ ማሰሪያም ይዘጋሉ። ደም ቅዳ ቧንቧዎች ግን ከፍተኛ ግፊት ስላላቸው በዚያው ማሰሪያ አይዘጉም። ስለዚህ ላላ ብሎ የታሰረ ቱርኒኬት መግቢያውን ከፍቶ መመለሻውን ይዘጋል፤ ደሙም ከበፊቱ ይብሳል። ግማሽ ቱርኒኬት ከምንም አይሻልም።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦

1. በእጅ ወይም በእግር ላይ ብቻ ይታሰራል፣ ከቁስሉ በላይ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ወደ ሰውነት ቀረብ ብሎ። ጉልበትና ክርን ላይ አይታሰርም፤ ቁስሉ እዚያ ከሆነ ከመገጣጠሚያው በላይ ይሁን። ጨለማ ከሆነ ወይም ቁስሉ የት እንዳለ ካልታወቀ ክንዱ ወይም ጭኑ ላይ እስከሚቻለው ድረስ ወደ ላይ ይታሰር።

2. በልብስ ላይ ማሰር ይቻላል፤ ኪስ ግን ይፈተሽ። በስልክ ወይም በቁልፍ ላይ የታሰረ ቱርኒኬት ግፊቱ ለሥጋው አይደርስም።

3. ዘንጉን ከማዞር በፊት ማሰሪያው በእጅ በተቻለ መጠን ይጎተታል። ከስሩ ሦስት የጣት ጫፎች የሚገቡ ከሆነ ገና አልተጎተተም። ሠልጣኞች በብዛት የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፤ ላላ ያለውን በዘንጉ አስተካክላለሁ ይላሉ፣ ዘንጉ ግን ጨርቁን ይጠቀልልና ደሙ ሳይቆም አልዞር ይላል። እንዲህ ከሆነ ፈትቶ ከመጎተቱ መጀመር ይሻላል።

4. ዘንጉ ደሙ እስኪቆም ይዞራል። የሚቆጠር ዙር የለም፤ መለኪያው ደሙ ነው።

5. ዘንጉ መሸጎሪያው ውስጥ ይገባል፣ በማጣበቂያው ይታሰራል፣ የታሰረበት ሰዓት በላዩ ላይ ወይም በቁስለኛው ግንባር ላይ ይጻፋል። በብርድ ልብስ አይሸፈንም፤ ሐኪሙ ሊያየው ይገባል።

6. ካልቆመ የበለጠ ይጥበቅ፤ አሁንም ካልቆመ ሁለተኛ ከመጀመሪያው በላይ ይታሰር።

ደሙን ካቆመ በኋላ ማንም ረዳት አይፈታውም፣ ለአፍታም አያላላውም። «ደም እንዲዘዋወር» ተብሎ በየተወሰነ ደቂቃ ማላላት የቆየ ልማድ ነው፤ በየመላላቱ የሚፈሰው ደም ተደምሮ ይገድላል።

በልምምዱ ሠልጣኞች እርስ በርስ ይተሳሰሩ፣ በራሳቸው ላይም በአንድ እጅ ይሞክሩት። ጥብቅ የተደረገ ቱርኒኬት ያማል፣ ይህን በራሱ ክንድ ላይ የቀመሰ ሰው «ያማል፣ ግን አላላውም» ብሎ ለቁስለኛው መናገር ይችላል። የደም ሥር ችግር ያለበት ወይም የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን አይታሰር፤ ከልምምዱ በፊት ጠይቁና ሰዓት ያዥ አድርጉት።

ስለ ቀበቶ፣ ስለ ገመድና ስለ ጫማ ማሰሪያ መጠየቃቸው አይቀርም። ቀበቶ ደረቅ ስለሆነ አይጠመዘዝም፣ በእጅ ጉተታ ብቻ ደግሞ የጭንን ደም ቅዳ መዝጋት ዘበት ነው። ገመድና ሽቦ ሥጋ ይቆርጣሉ። ቢያንስ 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠንካራ ጨርቅና የማይሰበር ዘንግ ካለ ሊሠራ ይችላል፤ እኔ ግን በሁለት ሰዓት ሥልጠና ውስጥ ጊዜ አልሰጠውም። ፋብሪካ ሠራሽ ቱርኒኬት የሌለው ሰው ጨርቅ ሲቀድና እንጨት ሲፈልግ ከሚያጠፋው ደቂቃ ቢጫን ይበልጣል።

የጥያቄ ጊዜ

«በማሰሪያው ምክንያት እግሩ ቢቆረጥበትስ?» ሁልጊዜ የሚነሣ ጥያቄ ነው። እስከ ሁለት ሰዓት የታሰረ ቱርኒኬት በአብዛኛው ዘላቂ ጉዳት አያደርስም፤ በባግዳዱ ጥናትም በቱርኒኬቱ ብቻ ምክንያት የተቆረጠ እጅም እግርም አልነበረም። «በሽታ ቢይዘኝስ?» ለሚለው ጓንት፣ ጓንት ከሌለ ፌስታል። ደም ከነካ በሳሙናና በውኃ መታጠብ፤ ወደ ዓይን፣ ወደ አፍ ወይም ወደ ቆሰለ ቆዳ ከገባ በዚያው ቀን ጤና ተቋም መሄድ፤ ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ በፈጠነ ቁጥርም ይሻላል። የደማውን እጅ ወደ ላይ ማንሣት ከድሮ ትምህርት የቀረ ነው፤ ከመጫን የሚያዘናጋ ከሆነ ይተው። ለሕፃናትም ዘዴው ያው ነው፤ ክንዳቸው ለቱርኒኬት በጣም ለቀጠነ ጨቅላዎች መጫንና መወተፍ ይበቃል።

ደሙ ከቆመ በኋላ ያለው አጭር ነው። ቁስለኛው ይሸፈን፣ ከቀዝቃዛ መሬትም ይለይ፤ የቀዘቀዘ ሰው ደሙ በቀላሉ አይረጋም። ቀዶ ሕክምና ሊጠብቀው ስለሚችል የሚበላም የሚጠጣም አይሰጠው።

የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት

ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ ሁኔታ ፍጠሩ። አንዱ ይተኛና ይጩኽ፣ ይንፈራገጥ፣ «ተወኝ» ይበል። መብራቱን አጥፉ፣ የሚያስጮህ ነገር ክፈቱ። ቁስሉ የት እንዳለ የሚያውቀው የተኛው ብቻ ይሁን። ረዳቱ ይፈልግ፣ መጫን፣ መወተፍ ወይስ ማሰር እንዳለበት ይወስን። ደም ሲያይ የሚያዞረው ሰው ካለ ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጥ፣ ሲረጋጋ ይመለስ፤ አታስገድዱት፣ አትሳቁበትም።

የምስክር ወረቀት የምትሰጡ ከሆነ እያንዳንዱን ለየብቻ ፈትኑ፦ ግፊቱን ሳያቋርጥ ሦስት ደቂቃ ቆየ? ጎዙ ሥሩ ደረሰ? ቱርኒኬቱ ደሙን ሊያቆም በሚችል ደረጃ ጠበቀ? ያልቻለው እዚያው ይድገም። ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ የ10 ደቂቃ ክለሳ ቀን ቁረጡ፤ ያለ ንግግር፣ ቱርኒኬትና ስፖንጅ ብቻ ይዛችሁ።

ሠልጣኞቹ የሚሠሩበት ቦታ የደም ማቆሚያ ሣጥን ካለው ከመለያየታችሁ በፊት አብራችሁ ሂዱና ክፈቱት። ደም የሚያረጋው ጎዝ የአገልግሎት ጊዜው አላለፈም? ቱርኒኬቱ አስመስለው ከሠሯቸው ርካሽ ዓይነቶች መሆኑ ጥርጣሬ ካለ ዘንጉ ሲዞር ሊሰበር ይችላልና ይቀየር። ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ ከተቀመጠ ፕላስቲኩ ይደርቃል፤ ጥላ ወዳለበት ይዛወር። ሣጥኑ ተቆልፎ ቁልፉ ኃላፊው ኪስ ውስጥ ከሆነም መቆለፊያውን ያንኑ ቀን አስነሡት።